ማፍረሻው ከመፈረሙ በፊት፦ የወሎ ከተሞች ቅርሳቸውን እንዴት ይመዝግቡ፣ እንዴትስ ይጠብቁ?

አንድ የቆየ ቤት ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በሕጋዊ ፈቃድ ነው። ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ቤቱን በመዝገብ ይዞታል፤ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ ግን መዝገቡን አይቶት አያውቅም። ባለይዞታው ያመለክታል፣ ካርታው ይታያል፣ ግብሩ መከፈሉ ይረጋገጣል፣ ማፍረሻው ይፈረማል። ባህልና ቱሪዝም ሲሰማ የቀረው የድንጋይ ክምር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሥራ ሁሉ ማረፊያው ያ የግንባታ ፈቃድ ጠረጴዛ ነው። ዝርዝሩ ግንባታ ፈቃድ፣ መሬት አስተዳደርና ፕላን ክፍል እስኪደርስ ድረስ ምዝገባው አለቀ አይባልም።

ምን ይመዝገብ?

ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐይቅ እስጢፋኖስና ግሸን ማርያምም ጠያቂ አያጡም። ደሴ ከተማ ውስጥ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረውንና ኋላ ሙዚየም የሆነውን ቤት፣ የሸዋ በር መስጊድን፣ የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤትን የማያውቅ የለም። ከእነዚህ ጀርባ ግን ማንም ቅርስ ብሎ የማይጠራቸው አሉ፦ በረንዳ ያላቸው የነጋዴ ቤቶች፣ የጣሊያን ጊዜ ድልድዮችና መጋዘኖች፣ የድሮ ወፍጮ ቤት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዋርካ፣ ሐድራ (የሙስሊሞች የዚክርና የዱዓ ስብስብ) የሚደረግበት ቤት፣ የጠበል ምንጭ፣ የቆየ መካነ መቃብር። ቶሎ የሚጠፉት እነዚህ ናቸውና ቅኝቱ ከእነሱ ይጀምር።

የሰፈር ስምም ይመዝገብ። ሸዋ በር የሚለው ስም መንገዱ ወዴት ያወጣ እንደነበር ይናገራል፤ ሰኞ ገበያ የሚለው የገበያውን ቀን ይዟል። ሰፈር በቁጥር ብቻ መጠራት ሲጀምር ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ ይረሳል። ስምን ማቆየት ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

ቅኝቱ

አራት ሰው ይበቃል፦ አንድ የሕንፃ ባለሙያ፣ አንድ ከባህልና ቱሪዝም፣ አንድ ፎቶ የሚያነሳና የሚጽፍ፣ አንድ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው። አራተኛውን ለማግኘት ወደ ቅሬ (በሌላ አካባቢ እድር የሚባለው) ዳኛው ሂዱ። ቅሬው የትኛው ግቢ ውስጥ ማን እንደኖረ፣ የትኛው ቤት ለማን እንደተላለፈ ያውቃል፤ በሩንም ያስከፍታል። ቅሬውን ሳይዙ ካሜራ ይዞ ግቢ መግባት "ሊያፈርሱብን ነው" የሚል ወሬ ያስነሳል። ወሬው አንዴ ከተነሳ ባለቤቱ ቤቱን አስመዝግቦ ከሚገደብ ፈጥኖ ማፍረስን ይመርጣል።

ቅጹ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ረጅም ቅጽ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። መለያ ቁጥር፣ የአሁንና የድሮ ስም፣ ቀበሌ፣ የይዞታ ካርታ ቁጥር፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ማን እንዳሠራው፣ የግድግዳው፣ የጣሪያውና የወለሉ ዓይነት፣ የአሁኑ ሁኔታ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ምን እንደሚያሰጋው። ከእነዚህ ውስጥ ፈጽሞ ባዶ መተው የሌለበት የካርታ ቁጥሩ ነው። ግንባታ ፈቃድ ክፍል ቤትን የሚያውቀው በይዞታ ቁጥሩ ስለሆነ፣ "ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቀይ በር" ተብሎ የተመዘገበ ቤት እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል።

ለፎቶ አንድ ሜትር ዱላ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ነጭ ቀብታችሁ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አቁሙት፤ ሃያ ዓመት ቆይቶም መጠኑን ይነግራል። አራቱም ገጽ፣ ጣሪያው፣ መሠረቱ፣ ውስጡ፣ የበርና የመስኮት ሥራው ይነሳ። የፎቶው ፋይል ስም የቤቱ መለያ ቁጥር ይሁን። ስልክ ላይ በቀን ብቻ ተሰይሞ የቀረ ፎቶ በዓመቱ የማን ቤት እንደሆነ የሚለየው አይገኝም።

የተመረጡ ቤቶች ደግሞ ይለኩ። የወለሉ ፕላን በ1፡50፣ የእንጨት ጌጡና የበሩ ዝርዝር በ1፡20 ይሣል። እያንዳንዱን ክፍል ስትለኩ አራቱን ጎን ብቻ ለክታችሁ አትውጡ፤ ሁለቱንም ሰያፍ፣ ማለትም ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ለኩ። የቆየ ቤት ማዕዘኑ እምብዛም 90 ዲግሪ አይሆንም፤ ሰያፍ ያልተለካበት ሥዕል ወረቀት ላይ አይገጥምም፣ ገጠመ ከተባለም የሌለ ቤት ነው የተሣለው።

ዕድሜን ማወቅ

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አዛውንትን "ቤቱ በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?" ብሎ መጠየቅ የግምት ቁጥር ያስገኛል፤ ግምቱም መዝገብ ላይ ሲሰፍር ሐቅ ይሆናል። ጥያቄው በታወቀ ጊዜ ይታሰር። የሰገሌ ጦርነት 1909፣ ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችበት 1928፣ ጣሊያን የወጣበት 1933፣ የ66ቱ ድርቅ፣ ትርፍ ቤት የተወረሰበት 1967፣ የ77ቱ ድርቅ። "ጣሊያን ሲገባ ቤቱ ቆሞ ነበር ይባላል? በ66 ማን ነበረበት? ሲወረስ ቆርቆሮ ነበር ወይስ ሣር?" ስትሏቸው መልሱ ይጠራል።

ቢያንስ ሦስት ሰው ለየብቻ ይጠየቅ። አንድ ላይ ካስቀመጣችኋቸው በዕድሜ የሚበልጡት ይናገራሉ፣ ሌሎቹ በአክብሮት ያጸድቃሉ፤ እናንተ ሦስት ምስክር ያገኛችሁ ቢመስላችሁም ያገኛችሁት አንድ ነው። ቃላቸው ሲለያይ ሁለቱንም ጻፉ። ከዚያ ግድግዳው ይጠየቅ፦ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፣ በኖራ ነው ወይስ በሲሚንቶ? በበሩ ላይ የተጋደመው እንጨት ነው ወይስ ብረት ያለው ኮንክሪት? ቆርቆሮው ላይ የፋብሪካ ማኅተም አለ? ድንጋይ ቤት ያየ ሁሉ "የጣሊያን ነው" ማለት ይቀናዋል፤ በዚህ የተነሳ የአገሬው ግንበኛ ሥራ ለሌላ እንዳይሰጥ ተጠንቀቁ።

ደረጃና ሕግ

በአገር ደረጃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስን ጥናትና አጠባበቅ ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ የባህል ቅርሶች በብሔራዊና በክልል የሚመደቡበትን ይዟል። ከእነዚህ በታች የሚቀረውን ከተማዋ በራሷ ፕላን ልትይዘው ትችላለች። ሦስት ደረጃ ይበቃል ብለን እናምናለን። "ሀ" ውስጡም ውጪውም የማይነካ፤ "ለ" የመንገድ ፊቱና የጣሪያው ቅርጽ የሚጠበቅ፣ ውስጡ ግን ለኑሮ ወይም ለንግድ የሚመቻች፤ "ሐ" መለወጥ የሚቻል፣ ነገር ግን ተለክቶና ፎቶ ተነስቶ ሳይያዝ የማይነካ። ሁሉንም "ሀ" ማድረግ ያጓጓል። ነገር ግን ሰው በሚኖርበት ቤት ኩሽናና ሽንት ቤት መጨመርን የሚከለክል መዝገብ አይከበርም፤ ያልተከበረ መዝገብ ደግሞ እውነተኛዎቹን "ሀ" ቤቶች ይዞ ይወድቃል።

ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ በርካታ የቆዩ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነው ቀርተዋል። ኪራያቸው አነስተኛ ነው፤ ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ፣ ቀበሌው ገንዘብ ስለሌለው ማንም አያድሳቸውም። እዚህ ላይ ከተማዋ ማንንም ሳትለምን መጀመር ትችላለች፤ ባለቤቷ ራሷ ናትና። ከግለሰብ ቤት በፊት የቀበሌ ቤቶቹ ዝርዝር ይለይ፣ የኪራያቸው ከፊሉም ለጣሪያቸው ይመደብ።

ዝርዝሩ ሲጸድቅ ፕላን ክፍሉ የእያንዳንዱን ቅርስ ይዞታና የሚነካኩትን አጎራባች ይዞታዎች በካርታው ላይ በቀለም ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የሚቀርብ የማፍረስ፣ የመሠረት ቁፋሮ፣ የአጥርና የፎቅ ማመልከቻ ያለ ባህልና ቱሪዝም ፊርማ እንዳይሄድ በጽሑፍ ይወሰን። አጎራባቹ የገባው በምክንያት ነው፦ ከጭቃ ማያያዣ ግድግዳ ሥር አንድ ሜትር ርቆ የሚቆፈር የፎቅ መሠረት የድሮውን ቤት ሳይነካው ያፈርሰዋል። ቁፋሮ ላይ አሮጌ መቃብር፣ የሸክላ ስብርባሪ ወይም የተጠረበ ድንጋይ ከወጣ ሥራው ይቁም፣ የወጣው ሳይነሳ ይነገር።

ጥገና፦ መጀመሪያ ውሃውን

የተመዘገበ ቅርስ ጥገና ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይፈልጋል። አሸንዳ መጥረግና የተነሳ ቆርቆሮ መምታት ግን የዘወትር እንክብካቤ ነው፤ ከቤቶቹ ብዙዎቹን የሚያድነውም እሱ ነው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ልስን ሲረግፍ፣ እንጨት ሲበሰብስ ቀድማችሁ ውሃው ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ከላይ ከሆነ ከጣሪያ ጠርዝና ከአሸንዳ መገጣጠሚያ ነው። ከታች ከሆነ አሁን አሁን ዋናው ምክንያት ኮብልስቶን ነው፦ መንገዱ በተሠራ ቁጥር ከፍ ይላል፣ የቤቱ ወለል ከመንገዱ በታች ይቀራል፣ የክረምት ጎርፍ ወደ ግድግዳው ይዞራል። መንገድ ሥራ ክፍሉ በቅርስ አጠገብ ሲያነጥፍ የድሮውን ከፍታ ቆፍሮ ይጠብቅ፤ ንጣፉ ከግድግዳው ሲርቅ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ይዝቀጥ።

ስንጥቅን ወዲያው አትድፈኑ። በግራና በቀኙ አንዳንድ ትንሽ ምስማር መትታችሁ መሐላቸውን በወር አንዴ በካሊፐር ለኩ፣ ከነቀኑ ጻፉ። ደሴ ተዳፋት ላይ ናት፣ መሬቷም ይንሸራተታል። ከወቅቱ ጋር እየሰፋ እየጠበበ የሚሄድ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የአፈሩ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰፋ ከሆነ መሐንዲስ ይጠራ።

ከሁሉ የከፋው የሲሚንቶ ልስን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደረገውም በቅን ልቦና "ይጠንክር" ተብሎ ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ በፊቱም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ፊቱን ሲዘጋው እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ማያያዣው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፣ ግድግዳው ያብጣል። ከሦስት አራት ክረምት በኋላ ልስኑን በጣት ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲወድቅም የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወድቃል። የተለሰነውን ሁሉ በአንዴ አትፈንቅሉ። ባዶ የሚጮኸውን ብቻ በመሮና በትንሽ መዶሻ አንሱ፣ የቀረው ራሱ እስኪለቅ ይቆይ።

በምትኩ ኖራ ነው። ያልበረደ፣ ማለትም ውሃ ያልነካው፣ ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ኖራው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራ ላይ አይፈስም። ዓይን በመነጽር፣ እጅ በጓንት ይሸፈን፣ ሕፃን አይቅረብ። በወንፊት አጥልላችሁ፣ ላዩ ውሃ እንደለበሰ በተከደነ በርሜል ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት፤ በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ለመገጣጠሚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ። አፈር ያለበት አሸዋ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። የላላውን ማያያዣ ከመገጣጠሚያው ስፋት እጥፍ ጥልቀት፣ ከ25 ሚሊ ሜትር ሳያንስ ጠርጉ፣ አርጥቡ፣ ጠቅጥቁ። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ለሰባት ቀን ይንጠልጠልበት። ፀሐይ ያደረቀው ኖራ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ በደሴ ከፍታ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜም ስለሚያበላሸው ማታ ደረቅ መሸፈኛ ይጨመርበት። ሁልጊዜ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ሞክራችሁ ሦስት ሳምንት ጠብቁ።

የጭቃ ቤት ሲሆን የጤፍ ጭድ ገብቶበት የተቦካ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት እየተገላበጠ የተብላላ ጭቃ ይሁን። ሲደርቅ ቢሰነጠቅ አፈሩ ሸክላ በዝቶበታል፤ አሸዋና ጭድ ይጨመር። ምስጥ የበላው ወይም የበሰበሰ ወራጅ ከሆነ በወስፌ ወጉት፤ የሚገባበትን ያህል ብቻ ቆርጣችሁ በዚያው ዓይነት በደረቀ ጽድ ወይም ወይራ ቀጥሉት። ለዚህ እንዲረዳ ከተማዋ አንድ ግቢ መድባ በፈቃድ ከሚፈርሱ ቤቶች የሚወጣውን የድሮ እንጨት፣ በርና የተጠረበ ድንጋይ ታስቀምጥ።

መዝገቡንም ጠብቁት

በ2014 በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የተወሰደን ዕቃ ለማስመለስ "የእኛ ነው" ብሎ የሚያሳምን ፎቶ፣ ልክና ምልክት ያስፈልጋል። ስለዚህ መዝገቡ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ በሃርድ ዲስክ ሆኖ ከከተማው ውጪ፣ አንዱ በወረቀት ታትሞ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ብራና፣ መስቀልና ኪታብ የት ክፍል እንዳለ ግን ለሕዝብ በሚታየው ቅጂ ላይ አይጻፍ፤ ለሌባ መንገድ መሪ ይሆናል።

መለያ ሰሌዳ ሲሰቀል ድንጋይ አይበሳ፤ ምስማሩ መገጣጠሚያው ላይ ይግባ፣ ወይም ሰሌዳው በራሱ እንጨት ላይ ይቁም።

ወሎ በልግ ስላለው የጥገናው ወቅት ያጥራል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ተሠርቶ፣ የተከፈተ ጣሪያ ካለ የካቲት ሳይገባ ይዘጋ። ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ጉብኝት ይበቃል። ግንቦት መጨረሻ ላይ አሸንዳውና ቦዩ ይጠረግ፣ ግድግዳ ላይ የበቀለ ሾላ ካለ ሳይነቀል ከሥሩ ይቆረጥ። መስከረም ላይ ደግሞ ግድግዳው እስከ የት እንደረጠበ በእርሳስ ተሰምሮ ቀኑ ይጻፍበት፤ በሚቀጥለው መስከረም መስመሩ ወርዶ ከተገኘ ጥገናው ሠርቷል።