የአንኮበርን ብርቅዬ ወፍ በውርጭ ወቅት እንዴት መፈለግ ይቻላል?

የአንኮበር ሴሪን ድንቢጥ የምታክል፣ አመድማ ቡናማና ዝንጉርጉር ወፍ ናት። የሚያምር ላባ የሚፈልግ ሰው ባይደክም ይሻለዋል። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አትገኝም።

አዳራችሁን ደብረ ብርሃን አድርጉ፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ ብቻ አይበቃም። የመንዝ በርኖስ ካገኛችሁ ከማንኛውም ጃኬት ይበልጣል፣ በእኔ ፍርድ። አቅራቢ መነጽሩን ግን ከልብስ ውስጥ አታስገቡት፤ የሰውነት ወበቅ መስተዋቱን ያደበዝዘዋል።

በማለዳ ወደ አንኮበር መንገድ ውጡ። ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበት የገደል ጠርዝ ነው የምትፈልጉት። ገደሉ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታሞቀው እሱን ነው። ነገር ግን ፊት ለፊት ብትመለከቱ ዓይናችሁን ትወጋችኋለች። ስለዚህ ጠርዙን ተከትላችሁ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ተመልከቱ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ በማየት ነው። ይህች ወፍ በመንጋ ሆና መሬት ላይ ዘር ትለቅማለች፤ ከገደሉ ድንጋይ ጋር ቀለሟ አንድ ነው። መነጽሩን አጭር ሣር በበቀለባቸው እርከኖች ላይ አሳርፉና ቆዩ። ድንጋዩ የተንቀሳቀሰ ከመሰላችሁ እሷ ልትሆን ትችላለች። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ካገኛችሁ ሰላምታ አቅርባችሁ ጠይቁት፤ የወፍ መንጋ የት እንደሚያርፍ ከእናንተ በላይ ያውቃል። ሊረዳችሁ ብሎ ድንጋይ እንዳይወረውር ግን ቀድማችሁ ንገሩት።

ከቆላው ጉም ተነሥቶ ከሸፈናችሁ ከጠርዙ ጥቂት ርቃችሁ ተቀመጡ፤ በጉም ውስጥ መራመድ ሞኝነት ነው። እስኪገለጥ ጭላዳዎቹ ሲንጫጩ እየሰማችሁ ትቆያላችሁ።

በመጨረሻ ስታገኟት ወዲያው አትደሰቱ። በዚያው ደጋ የምትኖር ሌላ ዝንጉርጉር ዘር ለቃሚ አለች፤ እሷ ከዓይኗ በላይ ጉልህ ነጭ ቅንድብ አላት። የአንኮበሯ እንዲህ ያለ ቅንድብ የላትም። ነጩን መስመር ካያችሁ ተመልሳችሁ ቁጭ በሉ።