ፕሮፔለር መጨረሻ ላይ ነው የሚገጠመው፦ ሬሲንግ ድሮን ለምትጀምሩ

የግራ እጄ ሌባ ጣት ላይ ረዘም ያለ ጠባሳ አለ። የተቆረጥኩት ሜዳ ላይ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ እሑድ ማታ የሞተሮቹን አዟዟር እያየሁ ነበር። ድሮኑ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዟል፣ ባትሪው ተሰክቷል፣ ፕሮፔለሮቹም እንደተገጠሙ ናቸው። ማውሱን ትንሽ ገፋሁት። ድሮኑ ዘሎ እጄ ላይ መጣ። ሰባት ቦታ ተሰፋሁ።

ስለዚህ ሬሲንግ ድሮን (የውድድር ድሮን) ልጀምር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ፍጥነቱ ከማውራቴ በፊት ይህን እነግረዋለሁ። ፕሮፔለር የሚገጠመው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ነው። ቤት ውስጥ አይገጠምም። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

አሁን ወደ ዕቃው። ብዙ ሰው የሚወዳደረው ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ድሮን ነው። የካርቦን ፋይበር ፍሬም፣ አራት ሞተር፣ የበረራ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ለሞተሮቹ ኃይል የሚያከፋፍል ቦርድ፣ ካሜራ፣ ቪዲዮ አስተላላፊና የሪሞቱ ሪሲቨር። ከባትሪው ጋር 700 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ተገጣጥሞ ያለቀም ይሸጣል። እኔ ግን ራሳችሁ ብትገጥሙት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም መውደቁ አይቀርም። የገጠመው ሰው መጠገኑም አይከብደውም።

ሶልደር ማድረግ ያስተማረኝ መርካቶ ራዲዮ ይጠግን የነበረው አጎቴ ነው። «ካላንጸባረቀ አልያዘም» ይለኝ ነበር። ዛሬም የምሠራው በዚያ ነው። የባትሪው ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይጠጣል። ቀጭን ጫፍ ያለው የሶልደር ብረት አይበቃውም። መጀመሪያ በማይፈለግ ቁራጭ ሽቦ ተለማመዱ። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተላጠ ሽቦ ፍሬሙን ከነካ ሾርት ነው።

ባትሪ ከመሰካታችሁ በፊት ቀይና ጥቁሩን በቴስተር ለኩ። ሳያቋርጥ ከጮኸ የሆነ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ባትሪ ደግሞ በስሞክ ስቶፐር በኩል ስኩት። በባትሪውና በድሮኑ መካከል የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። ሾርት ካለ ኃይሉን ይገድበዋል፣ ቦርዱ አይቃጠልም። ዋጋው ከአንድ ቦርድ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። የቪዲዮ አስተላላፊው አንቴናም ከባትሪው በፊት ይታሰር። ያለ አንቴና ከበራ ሙቀቱ ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል።

ቀጥሎ የበረራ መቆጣጠሪያ ቦርዱ የሚስተካከልበት ቤታፍላይት የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ሞተር 1 ከኋላ በቀኝ፣ 2 ከፊት በቀኝ፣ 3 ከኋላ በግራ፣ 4 ከፊት በግራ ነው። አንድ በአንድ እያዞራችሁ ቁጥሩም አቅጣጫውም ስክሪኑ ላይ ካለው ሥዕል ጋር መግጠሙን እዩ። አንዱ እንኳ ከተሳሳተ ድሮኑ ሊነሳ ሲል እዚያው ይገለበጣል። ከዚያ ሞተሮቹን የሚያስነሳውን ማብሪያ ሪሞቱ ላይ ምረጡ። ጣታችሁ ሳያስበው የማይነካው ቦታ ይሁን፤ ሳታዩትም በቅጽበት የምታገኙት ይሁን።

ከሁሉም በላይ የማጠብቀው ፌይልሴፍን ነው። ሪሞቱና ድሮኑ ሲቆራረጡ ሞተሮቹ ጠፍተው ድሮኑ መውደቅ አለበት። ቤታፍላይት ላይ «ድሮፕ» የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ ሞክሩት። ፕሮፔለር የለም፣ የላፕቶፑ ገመድ ተነቅሏል፣ ባትሪው ተሰክቷል። ሞተሮቹን አስነሱ፣ ኃይሉን በጣም ትንሽ ብቻ ስጡት፣ ከዚያ ሪሞቱን አጥፉ። በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ካልቆሙ ያ ድሮን ከቤት አይወጣም። የወደቀ ድሮን ይጠገናል። ማንም ሳይዘው ወደ ሰው የሚበር ድሮን ግን ሌላ ነገር ነው።

ባትሪ። የምጠቀመው ባለ 6 ሴል 1300 ሚሊአምፒር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ነው። ሙሉ ሲሆን 25.2 ቮልት ያሳያል። 21 ቮልት ሲደርስ አሳርፋለሁ። ስወዳደር ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ቢያቆየኝ ነው። የምሞላው በ1.3 አምፒር፣ ጋራዥ ሲሚንቶ ላይ፣ አጠገቡ ሆኜ ነው። ቻርጅ ላይ አድርጎ መተኛት፣ ወይም «ልጆች፣ እዩልኝ» ብሎ ወደ ሱቅ መውጣት የለም። ያበጠ፣ የተቀጠቀጠ ወይም የተወጋ ባትሪ ዳግም አይሞላም። የሊፖ እሳት በጣም ፈጣን ነው።

ከመብረራችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ሲሙሌተር ተለማመዱ። የራሳችሁን ሪሞት ሰክታችሁ። እኔ 20 ሰዓት ያህል ስጋጭ ቆይቼ ነው ሜዳ የወጣሁት፣ ያም ሆኖ የመጀመሪያ ቀን ዛፍ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ አሜሪካ ያለን ሰዎች የኤፍኤኤን (የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት) ደንብ ማክበር አለብን። ትረስት የሚባለውን ነጻ ፈተና ኢንተርኔት ላይ ትወስዳላችሁ። ከ250 ግራም በላይ ከሆነ ትመዘገባላችሁ፤ 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት። ቁጥሩ ድሮኑ ላይ ከውጭ ይጻፋል። ድሮኑ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅበት ሪሞት አይዲም ያስፈልጋል። ለእኛ ለዲሲ አካባቢ ነዋሪዎች ደግሞ የባሰ አለ። ከሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ለመዝናኛ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ቤታችሁ ጓሮም ቢሆን አይቻልም። ለዚህ ነው ፍሬድሪክ አካባቢ ድረስ የምነዳው፣ የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ በፈቃዱ። እዚያም ቢሆን ጠዋት ጠዋት የበረራ ክልከላውን ካርታ አያለሁ። ፕሬዚዳንቱ በአቅራቢያው ወዳለው ማረፊያቸው ካምፕ ዴቪድ ሲመጡ እዚያ ያለው ክልከላ ይሰፋል። ወደ ኢትዮጵያ ልትወስዱት ያሰባችሁ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የኢንሳን (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ አውጡ።

ሜዳ ላይ። የድሮኑን ካሜራ ምስል እያያችሁ የምታበሩበትን መነጽር ስታደርጉ ዙሪያችሁን አታዩም። ስለዚህ አጠገባችሁ ቆሞ ድሮኑን በዓይኑ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል፤ ሕጉም ያዝዛል። የእኔ የ14 ዓመት የእህቴ ልጅ ነው። ስልክ እንዳይነካ ተስማምተናል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሰው መጣ!» ብሎ ጮኸ። ውሻዋን ይዛ በማሳው ዳር የምታልፍ ሴት ነበረች። ወዲያው ማብሪያውን ዘጋሁ፣ ድሮኑ በቆሎው ውስጥ ወደቀ። ሁለት ፕሮፔለር ተሰበረ። ሴትየዋ ምንም ሳይነካት አለፈች።

ቅደም ተከተላችን ይህ ነው። ፕሮፔለሮቹን በ8 ሚሊሜትር ቁልፍ እናጠብቃለን። ዳዶው በእጅ የሚዞር ከሆነ እንቀይረዋለን። ሁለቱ ወደ ቀኝ ሁለቱ ወደ ግራ የሚዞሩ ስለሆኑ ቦታቸውን ሁለታችንም እናያለን። ሪሞቱ ይበራል፣ ከዚያ ባትሪው ይሰካል። ሌላ ሰው እየበረረ ከሆነ ግን ሳትጠይቁ ባትሪ እንዳትሰኩ። የእናንተ ቪዲዮ በእሱ ቻናል ላይ ከገባ መነጽሩ ውስጥ ምንም አያይም። ድሮኑን መሬት ላይ አስቀምጠን ወደ ኋላ እንርቃለን። «ሊነሳ ነው!» ብዬ እጮሃለሁ። ሲወድቅ መጀመሪያ ማብሪያው ይዘጋል፣ ከዚያ ነው የምንሄደው። ከመንካታችን በፊት ደግሞ ባትሪው ይነቀላል።

ማታ ቤት ስደርስ የተረፉትን ባትሪዎች ወደ 22.8 ቮልት አወርዳቸዋለሁ፣ ያለቁትንም እዚያው ድረስ እሞላቸዋለሁ። ድሮኑ ግን እንዳለ ወደ ቤት አይገባም። የእህቴ ልጅ መኪናው አጠገብ ቁልፉን ይዞ ይጠብቀኛል፣ አራቱንም ፕሮፔለር ፈትቶ ይቆጥርና ይሰጠኛል። ከዚያ ነው ጠረጴዛው ላይ የማስቀምጠው።