የጣሊያን የቤተሰብ ስም ከየት እንደመጣ እንዴት ይጣራል

ስሙን ጎግል ላይ ስትፈልጉ ቶሎ ብቅ የሚለው የቤተሰብ አርማ ሻጭ ነው፣ እለፉት፣ አርማ የአንድ የተወሰነ ቤተሰብ ነው እንጂ ስሙን ለያዘ ሁሉ አይደለም።

መጀመሪያ መጨረሻውን እዩ። ብዙዎቹ በ"ኢ" ነው የሚያልቁት፣ ሮሲ፣ ቢያንኪ፣ ፌራሪ ምናምን፣ እነ እገሌ እንደማለት ነው። አገሩንም ያሳብቃል፦ እንደ ኮሱ፣ ፑዱ በ"ኡ" ካለቀ ሰርዲኒያ፣ በ"ኤሮ" ካለቀ ብዙ ጊዜ ፒዬሞንቴ (ሰሜን ምዕራብ ጣሊያን)፣ ከፊቱ "ሎ" ካለው ደግሞ ወደ ሲሲሊ ሂዱ።

ቀጥሎ ሥሩ። ሮሲ ቀይ ማለት ነው፣ ፀጉሩ ወይ ጺሙ የቀላ ሰው ነበር፣ ደቡብ ላይ ሩሶ ይሆናል። ፌራሪ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ ያው ሙያ ፒዬሞንቴ ላይ ፌሬሮ፣ ሌላ ጋ ፋብሪ ይባላል፣ ቀጥቃጭ ደግሞ በየመንደሩ ስለነበረ 2 ፌራሪዎች ዘመድ ናቸው ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

ኤስፖዚቶ ላይ ግን ቆም በሉ። ናፖሊ አኑንዚያታ የሚባለው ተቋም ግድግዳ ላይ የሚዞር ሳጥን ነገር ነበር፣ ማሳደግ ያልቻለ ሰው ሕፃኑን እዛ አስቀምጦ ያዞረዋል፣ ውስጥ ያሉት ይቀበሉታል፣ እና ስሙ ኤስፖዚቶ ይሆናል፣ ውጪ የተተወ እንደማለት። ከባድ ስም ነው! እ.ኤ.አ በ1814 የናፖሊው ንጉሥ ሙራት እንዲህ አይነት ስም መስጠት ከለከለ፣ ሳጥኑ የተዘጋው ግን በ1875 ነው። ፍሎረንስ ላይ ኢኖቼንቲ፣ ሮም ፕሮዬቲ፣ ሚላን ኮሎምቦ ይሏቸው ነበር። ግን ኮሎምቦ ሁሉ ተጥሎ የተገኘ አይደለም፣ የጄኖቫው ክሪስቶፈር ኮሎምበስም ያው ስም ነው ያለው።

ስለዚህ ትርጉም ብቻውን የአንድን ቤተሰብ ታሪክ አይነግራችሁም፣ መዝገብ ያስፈልጋል፣ ለዛ ደግሞ ቤተሰቡ የመጣበትን ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ማወቅ ግድ ነው። አንቴናቲ የሚባለው የመንግሥት ዌብሳይት ላይ ስካን የተደረጉ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች በነፃ አሉ። አብዛኛው ጣሊያን በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1866 ነው፣ የናፖሊ ግዛት ግን ከ1809 ጀምሮ አለው፣ ከዛ በፊት ያለውን ቤተክርስቲያን ነው የምትጠይቁት፣ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 ቄሶች ጥምቀትና ጋብቻ እንዲመዘግቡ አዞ ነበር።

ሴቶቹን በባል ስም አትፈልጉ፣ በአባታቸው ስም ነው የተመዘገቡት። አጻጻፉ በ1 ፊደል ቢለያይም አትለፉት፣ የሚያስመዘግበው ሰው ማንበብ ካልቻለ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው፣ የወላጆቹን ስምና መንደሩን አስተያዩ።