ያገለገለ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከመግዛትዎ በፊት ካምቢዮውን ይወቁ

ያገለገለ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሊገዙ ካሰቡ፣ ስለ ሞተሩ ከመጠየቅዎ በፊት ካምቢዮው ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። «አውቶማቲክ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

በአሮጌዎቹ የአሜሪካ አውቶቡሶች ላይ በብዛት የሚገኘው አሊሰን የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤቲ545 አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። 4 ማርሽ አለው፤ ነገር ግን ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል) ከሞተሩ ጋር የሚቆልፍ ሎክአፕ የለውም። ስለዚህ ኮንቨርተሩ ሁሌም ትንሽ ይንሸራተታል። ነዳጅ ይበላል፣ ረጅም ዳገት ላይ ዘይቱ ይግላል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ አውቶቡሱን ብዙም አይይዝልዎትም። ለከተማ አጭር ጉዞ ይሠራል። ተራራማ አገር ለሚነዳ ሰው ግን እኔ አልመክረውም። የዚሁ የአሊሰን ኤምቲ643 ሎክአፕ አለው። የአሊሰን 2000 ተከታታይ ደግሞ ሎክአፕም 5 ወይም 6 ማርሽም ስላለው በረጅም መንገድ ላይ በጣም ይሻላል። የሻጩን ቃል አይመኑ፤ ካምቢዮው ላይ ያለውን የብረት ሰሌዳ ራስዎ ያንብቡ።

ማንዋል ከሆነ፣ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጡ ነዳጁን ረገጥ ያድርጉት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ጥገናው ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ ከማሠራት ብዙውን ጊዜ ይቀላል።

አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮውን ዘይት በመለኪያ ዘንጉ ትንሽ አውጥተው ያሽትቱ። የተቃጠለ ሽታ ካለው ይተዉት። ሙከራውንም በ5 ደቂቃ አይጨርሱ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዱት። ብዙ ችግር የሚታየው ዘይቱ ከጋለ በኋላ ነው።