የሐርዝ ተራሮችን ደን ጤንነት በዓይን እንዴት መመርመር ይቻላል?

በሰሜን ጀርመን የሚገኙት የሐርዝ ተራሮች ከፍተኛ ጫፋቸው ብሮከን 1,141 ሜትር ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ከደጋ ለሄደ ሰው ኮረብታ ይመስለዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ በቁማቸው የደረቁ ግራጫ ዛፎች ሲያጋጥሙ ግን ደኑ ሞቷል ብሎ ለመደምደም መቸኮል አይገባም።

አስቀድመው የቆሙበትን ከፍታ በካርታ ያረጋግጡ። ስፕሩስ የተባለው ቅጠለ መርፌ ዛፍ በሐርዝ የተፈጥሮ ቦታው ከ800 ሜትር ገደማ በላይ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ሲሆን፣ ከዚያ በታች የነበረው ቢች የተባለው ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ደን በአብዛኛው ለማዕድን ማውጫና ለማቅለጫ ምድጃ ሲባል ተጨፍጭፎ ቶሎ በሚያድገው ስፕሩስ ተተክቷል። ስለዚህ በዝቅተኛው ክፍል እኩያ የሆኑ ስፕሩሶች ብቻቸውን ተደርድረው ካዩ፣ የቱንም ያህል ቢለመልሙ ለአደጋ የተጋለጠ ደን ነው ብለው ይመዝግቡ።

ዋናው ምርመራ ከግንዱ ሥር ነው። ርዝመቱ 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን ቅርፊት ሰርሳሪ ጥንዚዛ ጤናማ ስፕሩስ በሙጫው ያሰጥመዋል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደታየው ድርቅ ሲበረታ ግን ሙጫው ስለሚያንስ ጥንዚዛው ያሸንፋል። በሞቃታማዎቹ ወራት፣ ዝናብና ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በቅርፊቱ ስንጥቅና በሸረሪት ድር ላይ የተፈጨ ቡና የመሰለ ብናኝ ካገኙ ዛፉ ተወሯል። የዛፉ አናት እስኪቀላ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ ያን ጊዜ አዲሱ ትውልድ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎረቤት ዛፍ በርሯል። የወደቀ ቅርፊት ገልብጠው ቢያዩ፣ እናቲቱ በቁመት የቦረቦረችውን መስመርና እጮቹ ከዚያ ወደ ጎን ያወጧቸውን ቀጫጭን መንገዶች ያገኛሉ። ከቆመ ዛፍ ላይ ግን ቅርፊት አይላጡ።

ቅርፊታቸው የረገፈ ግራጫ ዛፎች ጥንዚዛውን አያዛምቱም፤ የሚራባው በትኩስ ቅርፊት ውስጥ ነውና። ሳይታሰብ ስለሚወድቁ ግን ነፋስ ባለበት ቀን ይራቋቸው። ከመንገዱ ሳይወጡ በየመቶ እርምጃው ቆመው በሥራቸው የበቀሉትን ችግኞች በየዓይነታቸው ይቁጠሩ፤ በርች፣ ቢችና ስፕሩስ በተለያየ ቁመት ተደባልቀው ካሉ ደኑ እያገገመ ነው። የችግኞቹ ጫፍ ተበልቶ ካገኙ ደግሞ ቁርጡን ያስተውሉ፤ አጋዘን እንደ በግ የላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው ቦጭቆ ይተወዋል፣ ጥንቸል ግን በቢላ የተቆረጠ እስኪመስል አጋድማ ትቀጥፈዋለች።