ውሻ ይዘው ኮረብታ ሲወጡ፦ የለመዱት መንገድ የሚያሠራቸው ስህተቶች

አዲስ ቦታ የሚሄድ ሰው ውሃ ይይዛል፣ ሰዓት ያያል፣ የውሻውን ገመድ ጠበቅ አድርጎ ይጨብጣል። በየሳምንቱ የሚወጣው ዳገት ሲሆን ግን የቤቱን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ይነሳል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ መዘናጋት ነው።

«ቅርብ ነው» ብሎ ውሃ አለመያዝ

ውሻን እንደ ሰው መላ ሰውነቱን አያልበውም። የሚያልበው በዋናነት መዳፉ ሥር ነው፤ ያውም ጥቂት። ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ስለሆነ በየትንፋሹ ውሃ ያጣል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በተራ ቀን እንኳ 1 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ስለዚህ ለሁለት ሰዓት መንገድ ለእሱ ብቻ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ይያዙ። በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ያጠጡት። ጫፍ ላይ ደርሶ በጥድፊያ ብዙ የሚጠጣ ውሻ ብዙ ጊዜ መልሶ ያስታውከዋል። መንገድ ላይ ባለው ኩሬ አይተማመኑ፤ የረጋና አረንጓዴ የለበሰ ውሃ መርዛም ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ ከበረታ በኋላ መነሳት

ከባዱ ስህተት ይህ ነው። የአይበሉባዎን ጎን መሬቱ ላይ ያሳርፉና ሰባት ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ካልቻሉ የውሻውም መዳፍ አይችልም። አለቱ ቢበርድ እንኳ አየሩ ሞቃትና እርጥበት ያለው ከሆነ ማለክለክ ብዙም አያበርድም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎችና ወፍራም ውሾች ደግሞ ከሌሎቹ ቀድመው ይወድቃሉ።

ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ41 ካለፈ ለሕይወቱ ያሰጋል። ቴርሞሜትር ባይኖርዎትም ምልክቱ ይታያል፦ ምላሱ ሰፍቶ ይዘረጋል፣ ለሃጩ ይወፍራል፣ ድዱ ደም ይመስላል፣ እግሩ ይንገዳገዳል። ያኔ «ቤት እስክንደርስ» አይባልም። ጥላ ውስጥ ያስገቡት፤ ሆዱን፣ ብሽሽቱንና መዳፉን ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡት። እርጥብ ጨርቅ አልብሰው አይተዉት፤ ጨርቁ ሲሞቅ ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። ቢሻለውም ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ የውስጥ ጉዳቱ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል።

ሜዳው ትናንት ባዶ ነበርና ዛሬም ባዶ ነው ማለት

ከብትና በግ ባለበት ውሻው ሁለት ሜትር በማይበልጥ ገመድ ይታሰር፤ «የኔ አይነካም» የሚባለውም ቢሆን። ጥጃ ያላትን ላም ሰፋ አድርገው ይዙሩ። ላሟ ከመጣችብዎ ገመዱን ይልቀቁት። የምታባርረው ውሻውን ነው፤ እሱ ሮጦ ያመልጣል፣ እርስዎ ከጎኑ ከታሰሩ ግን አያመልጡም። ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠምም በዚሁ ምክንያት መጥፎ ልማድ ነው።

ዳገቱን ፈርቶ ቁልቁለቱን መናቅ

ውሻ ሜዳ ላይ ቆሞ እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው ፊት እግሮቹ ላይ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ይህ ይብሳል፤ ትከሻውና ክርኑ ይጎዳሉ። ውሻውን በሩጫ አያውርዱት፤ ጠመዝማዛውን መንገድ ይምረጡ። ገመዱም ከአንገቱ ይልቅ ደረቱን ከሚያቅፍ ማሰሪያ ጋር ቢያያዝ ይሻላል፤ በድንገት ሲጎተት ጉሮሮው አይታነቅም። አጥንቱ ገና ያልጠና ቡችላ እስከ አንድ ዓመቱ፣ ትልልቅ ዝርያ ከሆነ እስከ ዓመት ተኩል፣ ረጅም ቁልቁለት አይመከርም።

አብልቶ ወዲያው መውጣት

በተለይ ደረተ ጥልቅ ትልልቅ ውሾች ሆዳቸው ሞልቶ ሲሮጡ ጨጓራቸው ሊነፋና ሊዞር ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሁለት ሰዓት ያህል ይጠብቁ።

እያሸተተ ሲዘገይ መጎተት

መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት እንጂ እሱ በአፍንጫው የሚያገኘው በየቀኑ አዲስ ነው። ማሽተት አእምሮውን ያሠራዋል።

ቤት ሲገቡ ሳይፈትሹ መተው

በጣትዎ ጫፍ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱን፣ ጣቶቹ መካከልና ጭራው ሥር ይዳስሱ። ጭጎጎትና ሹል የሣር ዘር ቆዳ በስቶ ወደ ውስጥ ይገባልና ቶሎ ይልቀሙት። መዥገር ካገኙ ቀጭን ወረንጦ ቆዳው ድረስ አስጠግተው አፉን ይያዙና ሳይቸኩሉ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ጋዝ መቀባት ወይም በእሳት መለብለብ መዥገሩ የዋጠውን ወደ ቁስሉ እንዲተፋ ሊያደርገው ይችላል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ውሻው ካተኮሰው፣ ካነከሰ ወይም ምግብ ከጠላ፣ መዥገሩን ያወጡበትን ቀን ለሐኪሙ ይንገሩት።