በግል ኮሌጅ ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝና ፋይናንስ ትምህርት በማታው መርሐ ግብር ተከታትዬ ተመርቄአለሁ። ዛሬ በምሠራበት የኦዲት ቢሮ ደግሞ ከተለያዩ የግል ኮሌጆች ለተግባር ልምምድ የሚላኩ ተማሪዎችን እቀበላለሁ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፤ የሚገቡበት ጣጣ ግን ያው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪን የሚመድበው በአብዛኛው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ፣ የሚማርበት ተቋም ሕጋዊ ይሁን አይሁን፣ እሱስ ለመግባት ብቁ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ አያስጨንቀውም። በግል ኮሌጅ ግን ይህን ሁሉ የማጣራቱ ሸክም በተማሪው ላይ ይወድቃል፤ አብዛኛው ይህን የሚረዳው ከረፈደ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ኮሌጁ ዕውቅና አለው?» ብሎ ጠይቆ፣ «አለው» የሚል መልስ ሰምቶ መመዝገብ ነው። ዕውቅና ለአንድ ተቋም በጅምላ የሚሰጥ ፈቃድ አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃዱን የሚሰጠው ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት መስኩና ለየደረጃው ሲሆን መደበኛው፣ የማታውና የርቀት ትምህርቱም ለየብቻ ይታያሉ። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ መገናኛ ባለው ካምፓሱ አካውንቲንግን በዲግሪ ለማስተማር ቢፈቀድለት፣ ሜክሲኮ አካባቢ በከፈተው ሌላ ካምፓስ ያንኑ ትምህርት ለመስጠት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ፈቃዱ የጊዜ ገደብም አለው። በ2017 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሁሉ እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ ባደረገበት ጊዜ ስንት ተማሪና ወላጅ እንደተደናገጠ የሚታወስ ነው። ታላቅ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ከዓመታት በፊት እዚያ ተምሮ መመረቁ ለዛሬ ምዝገባ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የፈቃዱን ደብዳቤ ለማየት ይጠይቁ፤ በላዩ የተጻፈውን የካምፓስ ስም፣ የትምህርት መስክ፣ የትምህርት አሰጣጥና ቀን አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ከዚያም ባለሥልጣኑ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ደብዳቤውን ለማሳየት የሚያንገራግር ኮሌጅ ካጋጠመዎት የምዝገባ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

ኮሌጁን አጣርተው የራሳቸውን የመግቢያ ማስረጃ የማያጣሩም አሉ። አብራኝ የተማረች አንዲት ልጅ በቴክኒክና ሙያ በኩል ደረጃ 4 ጨርሳ ወደ ዲግሪ የገባች ነበረች። ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ማረጋገጫ ግን ገና አልያዘችም ነበር። ምዝገባ ላይ የነበረው ሠራተኛ «ኋላ ታመጪዋለሽ» አላት፤ እሷም አምና ተመዘገበች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ በጥሩ ነጥብ ተመርቃ ሥራም አገኘች። የቀጠራት መሥሪያ ቤት ማስረጃዋን ለማጣራት ሲልክ ግን ዲግሪዋ የመግቢያ መስፈርት ሳይሟላ የተገኘ ነው የሚል መልስ መጣ። ዲግሪውን ከጀመረች በኋላ ያገኘችው ሲኦሲም አልተቆጠረላትም። ያ ሠራተኛ በዚያን ጊዜ ኮሌጁን ለቆ ነበር፤ የቃል ተስፋው የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ ከመጀመሪያውም አልነበረም። በ12ኛ ክፍል ውጤት የሚገቡም ቢሆኑ በተፈተኑበት ዓመት የነበረውን የመግቢያ ነጥብ በጽሑፍ ካላዩ በስተቀር ክፍያ መፈጸም የለባቸውም።

አሁን ደጋግሜ ስላየሁት ዝም ልለው ወደማልችለው ጉዳይ ልምጣ፤ ይኸውም ካለፈው ባች በወረሱት የፈተና ወረቀትና በሀንድአውት ብቻ መማር ነው። ኮሌጁ አጠገብ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት የኮርሱን ስም ሲናገሩ ባለፉት ዓመታት የተሰጡት ፈተናዎች ከነመልሳቸው ተጠርዘው ይወጣሉ። ተማሪው ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ሌሊቶች እነዚያን ይሸመድዳል፤ ጥያቄው ሳይለወጥ ይመጣለታል፤ ኤ ያገኛል። እኔ ዘንድ ለልምምድ የመጣ አንድ ተማሪ ነበር፤ ግሬድ ሪፖርቱ የአካውንቲንግ መሠረታዊ ኮርሶችን ሁሉ በኤ እንዳለፈ ያሳያል። የአንድ ደንበኛ የወር ባንክ ስቴትመንትና የገንዘብ መዝገቡን ሰጥቼ የባንክ ማስታረቂያ እንዲሠራ፣ ማለትም የሁለቱን ልዩነት ከነምክንያቱ እንዲያወጣ ጠየቅሁት። ለባንክ ያልቀረበ ቼክ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ በቃሉ ወጣልኝ። ከፊቱ ከተዘረጉት ቼኮች ግን ያልቀረቡት የትኞቹ እንደሆኑ መለየት አቃተው፤ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ ቁጥር በቁጥር ምልክት እያደረገ ማመሳከር እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም። ለዚህ ልጅ ለአራት ዓመት የተከፈለው ገንዘብ የወጣው ከእናቱ ጉሊት ነው። በዚህ የማይቆጣ ሰው ካለ እኔ አልገባኝም!

ይህ የአጠናን ልማድ ድሮ ቢያንስ እስከ ምረቃ ያደርስ ነበር፤ ዛሬ እሱም ቀርቷል። ዲግሪ ለማግኘት ማለፍ የግድ የሆነው የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 በመቶ ሲሆኑ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ግን 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ሁሉ በተማሪው ስንፍና የመጣ አይደለም፤ ቀን ሥራ ውሎ በ11 ሰዓት ተኩል ክፍል የሚገባ ሰው ዶርም ውስጥ ከሚኖር ተማሪ እኩል የጥናት ጊዜ የለውም። በዚህም ምክንያት ነው ያለችውን ጥቂት ጊዜ በውርስ ወረቀት ላይ ማባከኑ የሚያንገበግበኝ። የመውጫ ፈተናው በየዓመቱ ከተሰጡት ዋና ዋና ኮርሶች ተውጣጥቶ ስለሚዘጋጅ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት መጻሕፍትዎን አይጣሉ፤ ፈተናው የሚሸፍናቸውን ኮርሶች ዝርዝር ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ከትምህርት ክፍልዎ ጠይቀው ይያዙ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ጥፋት የመመረቂያ ጥናትን ገዝቶ ማቅረብ ነው። «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት የኮሌጅ አጥር ማግኘት ይከብዳል። ገዝተው ያቀረቡትን ጥናት እንዲያብራሩ ሲጠየቁ የናሙናው ብዛት በምን ስሌት እንደተገኘ መመለስ ያቃታቸውን አይቻለሁ፤ እንዲያውም የአንዱ ጥናት ርዕሱ አዲስ አበባ ውስጥ ስላለ ባንክ ሆኖ በምዕራፍ አራት ውስጥ የሌላ ከተማ ስም ሳይቀየር ቀርቶ ነበር። ሦስት ገጽ መጠይቅ ራስዎ አዘጋጅተው፣ ራስዎ በትነውና ሰብስበው የሚሠሩት ደካማ ጥናት፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሊናገሩበት የሚችሉት ብቸኛው የራስዎ ሥራ ሊሆን ይችላል።

በግል ኮሌጅ ከሚያስተምሩት መምህራን ብዙዎቹ በትርፍ ሰዓታቸው የሚመጡ ናቸው። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ እኔ ካገኘኋቸው ምርጥ መምህራን አንዱ ቀን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ሆኖም ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ስለሚሄዱ ቢሮአቸው ሄዶ መጠየቅ አይቻልም፤ ኮርሱ ሲያልቅም ውጤት ሳያስገቡ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። በግሬድ ሪፖርት ላይ ኤንጂ (ውጤት አልገባም) ወይም ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) የሚል ካዩ በዚያው ሴሚስተር ያስተካክሉ እንጂ «በምረቃ ጊዜ ይታያል» ብለው አያሳድሩት። የተመለሰልዎትን የፈተና ወረቀትና አሳይመንትም ውጤቱ እስኪጸድቅ ድረስ ያስቀምጡ።

ገንዘብ ሲያጥር ዊዝድሮዋል የሚባለውን የማቋረጫ ቅጽ ሳይሞሉ መጥፋት የተለመደ ነው፤ ቅጹ ያልተሞላለት ተማሪ በተመዘገበባቸው ኮርሶች ኤፍ ሊቆጠርበት ይችላል። ሲመለስም ያቋረጠው ኮርስ የሚከፈተው በቂ ተማሪ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ባች እስኪደርስ ሊጠብቅ ይገደዳል። የባንክ ስሊፑንም የኮሌጁንም ደረሰኝ ይያዙ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የስምዎ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትዎ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያረጋግጡ።

በመጨረሻም ተመርቀው ቴምፖራሪ የሚባለውን ጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ ይዘው የሚሄዱ እጅግ ብዙ ናቸው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይከፍል ዋናውን ዲግሪ ላያገኝ ይችላል፤ የግል ኮሌጅ ምሩቅ ግን እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም፤ ክሊራንሱን (የኮሌጁ ንብረት እንደሌለበት ማረጋገጫውን) ጨርሶ ክፍያውን ካጠናቀቀ ዋናውን ዲግሪና ስቱደንት ኮፒውን፣ ማለትም ለተማሪው የሚሰጠውን የውጤት ቅጂ፣ ከመጠየቅ የሚያግደው የለም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚባለው የውጤት ማስረጃ ደግሞ ታሽጎ ከሬጅስትራሩ በቀጥታ ወደ ጠያቂው መሥሪያ ቤት የሚላክ ስለሆነ፣ ኮሌጁ ስም ከቀየረ፣ ከተዛወረ ወይም ከተዘጋ በኋላ ማስላኩ እጅግ ያስቸግራል። ወደ ሥራ ወይም ወደ ውጭ አገር ከመሄድዎ በፊት ዋናውን ዲግሪ በእጅዎ ያስገቡ፤ በሬጅስትራር ፋይልዎ ውስጥ ያሉት የመግቢያ ማስረጃዎች ሁሉ መሟላታቸውንም በዚያው ቀን አስወጥተው በዓይንዎ ይዩ።